የሯጭ ደም መቼ ይቀዳ? ከባድ ልምምድና በፕላትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ሕክምና ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር አኳያ ሲመረመሩ

መግቢያ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በብርዷ የታወቀች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አላት። ከእርሷ ተነሥቶ የቀድሞዎቹ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ወደ ነበረችው አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ሜዳውና ዳገቱ እየተፈራረቀ ለረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባና እግር መፈተኛ ይሆናል። የማራቶን ጀግናው አበበ ቢቂላ የተወለደውም በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው።

ሩጫ ባለበት ሁሉ ጉዳት አለ። አበበ ራሱ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ካጠለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ውድድሩን ማቋረጡ ይታወሳል። ዳገት የተረከዝን ጅማት ይስባል፤ ቁልቁለት ደግሞ የጭንን ጡንቻ ያደክማል። ስለሆነም ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው ምድር የሚሠራ የጤና ባለሙያ የተረከዝ ጅማት ሕመም፣ የኋላ ጭን ጡንቻ መሰንጠቅና የጉልበት ሕመም ያለበትን ሯጭ ማየቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ወጌሻው አሽቶት፣ ጓደኞቹ ዲክሎፌናክ አቀብለውት፣ አሠልጣኙም «ትንሽ ታገሥ» ብሎት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሯጩ አንድ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ጥያቄውም ከራስ ደም ተዘጋጅቶ በተጎዳው ጅማት ውስጥ ስለሚወጋው፣ በፕላትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ስለተባለው ሕክምና የሚቀርብ ነው። በውጭ አገር ስመ ጥር ስፖርተኞች ዘንድ የተለመደ መሆኑ ስለሚወራ፣ ገና የውድድር ገንዘብ ያላገኘ ወጣት ጭምር ከቤተሰብ ተበድሮ አዲስ አበባ ወርዶ ለመወጋት ያስባል። በዚህ ላይ «ደም ከመቀዳቱ በፊት ከባድ ልምምድ ቢሠራ መድኃኒቱ ይበልጥ ይበለጽጋል» የሚል አሳብ ተጨምሯል። አሳቡ ከሜዳ ወሬ የመጣ ሳይሆን በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች ከወጡ ጥናቶች የተቀዳ ነው። በመሆኑም ጥናቶቹ የሚሉትንና የማይሉትን ለይቶ ማየት፣ ከዚያም ለደብረ ብርሃን ሯጭ ደም ይሠሩ እንደሆነ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የሕክምናው አሠራር

የሕክምናው አሳብ ቀላል ነው። ከታማሚው የደም ሥር የተወሰነ ደም ይቀዳል፤ እንዳይረጋም ሲትሬት ያለበት ፈሳሽ ይጨመርበታል። ቀጥሎም ሴንትሪፊውጅ በተባለው መሣሪያ ይሽከረከራል። ቀይ የደም ሕዋሳት ከታች ይዘቅጣሉ፣ ፕላዝማው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትና ፕላትሌቶች ደግሞ በመካከል ስስ ንጣፍ ይሠራሉ። ከዚህ ንጣፍና ከፕላዝማው ተቀንሶ የሚወሰደው ጥቂት ፈሳሽ ነው እንግዲህ በጅማት ወይም በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋው።

ተስፋው የተጣለው በፕላትሌቶች ላይ ነው። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ ከማገዙ ሌላ፣ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ልዩ ልዩ የእድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችን ይዟል። እነዚህም የቁስልን መዳን፣ የአዳዲስ ደም ሥሮችን መብቀልና የኮላጅንን መሠራት የሚያነሣሡ ናቸው። የጅማት ክፍል የደም ሥር አቅርቦቱ ዝቅተኛ ስለሆነና ቀስ ብሎ ስለሚድን፣ እነዚህን ፕሮቲኖች ባሉበት አከማችቶ ማድረስ መዳኑን ያፋጥናል የሚለው መላምት ምክንያታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሮበርት ማርክስ የተባሉት የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዝግጅቱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ 1,000,000 ፕላትሌት ቢይዝ ይህ ለትርጓሜ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ጽፈው ነበር። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ እንደ መለኪያ ይጠቀስ እንጂ ለእያንዳንዱ ጉዳት ትክክለኛው መጠን ይኸው ነው ተብሎ የተረጋገጠ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። አሞክሳሲሊን ከደብረ ብርሃን ይገዛ ከባሕር ዳር፣ በእሽጉ ላይ የተጻፈው መጠን አንድ ነው። በፕላትሌት የበለጸገ ፕላዝማ ግን ፋብሪካው የታማሚው ሰውነት ነው። ዕለቱ፣ ሰዓቱ፣ ከመቀዳቱ በፊት የተሠራው ሥራና የተዋጠው ክኒን ሁሉ የመድኃኒቱን ይዘት ሊለውጡት ይችላሉ።

ከባድ ልምምድ በደም ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ሰውነት በኃይል ሲሠራ አድሬናሊን ይጨምራል። በዕረፍት ጊዜ ከጠቅላላው ፕላትሌት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚገኘው በጣፊያ ውስጥ ስለሆነ፣ ጣፊያ ሲኮማተር ከዚህ ክምችት የተወሰነው ወደ ደም ዝውውር ይገባል። በተጨማሪም ላብ በመውጣቱና ፈሳሽ ከደም ሥር ወደ ጡንቻ በመዛወሩ ደሙ ይወፍራል፤ የሕዋሳቱም ቁጥር በዚያው መጠን ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከከባድ ልምምድ በኋላ ወዲያውኑ ቢቆጠር ፕላትሌት ጨምሮ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ጭማሪው ግን አዲስ የተመረተ ሳይሆን ከጎተራ የወጣ ነው፤ ሰውነት ሲያርፍም ብዙ ሳይቆይ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለውጡ በፕላትሌት ብቻ አይወሰንም። ነጭ የደም ሕዋሳትም ይጨምራሉ፤ ዓይነታቸውም በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። መጀመሪያ ሊምፎሳይቶች ጭምር ከፍ ይላሉ፣ ኋላ እነርሱ ሲቀንሱ ኒውትሮፊሎች እየበዙ ይሄዳሉ። ኒውትሮፊል የበዛበት ዝግጅት በተወጋው ቦታ ብግነትን ሊያባብስ ይችላል ተብሎ ስለሚሠጋ፣ ነጭ ሕዋስ ያለበትና የሌለበት ዝግጅት የትኛው ለየትኛው ጉዳት ይሻላል የሚለው ክርክር እስከ አሁን አልተቋጨም። ከዚህም ሌላ ከባድ ልምምድ ፕላትሌቶችን በከፊል ያነቃቃል። የተነቃቃ ፕላትሌት ደግሞ የያዘውን ገና በደም ሥር ውስጥ ሳለ መልቀቅ ይጀምራል። በመሆኑም ቁጥር መጨመሩ ብቻውን ኃይል መጨመሩን አያረጋግጥም።

የዘወትር ልምምድ የሚያመጣው ለውጥ ከዚህ የተለየ ነው። ለወራት የሠለጠነ ሯጭ የፕላዝማው መጠን ስለሚሰፋ የቀይ ደም ሕዋሱና የሄሞግሎቢኑ ልክ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ልምምድ ደምን ለጊዜው ሲያወፍር፣ የዓመታት ልምምድ ደግሞ ያቀጥነዋል። ሯጭን ከማይሮጥ ሰው፣ ሯጩንም ራሱን በልዩ ልዩ ሰዓት ማወዳደር ጥንቃቄ የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

የጥናቶቹ ጥንካሬና ጉድለት

በዶሃ የሚገኘው አስፔታር የስፖርት ሕክምና ሆስፒታል ተመራማሪ ብሩስ ሃሚልተንና ባልደረቦቻቸው በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲሲን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ልምምድ መሥራትም ሆነ ካልሲየም ክሎራይድ መጨመር በዝግጅቱ ውስጥ ያለውን የእድገት አነቃቂ ፕሮቲን መጠን እንደሚለውጥ አሳይተዋል። የጥናቱም ርዕስ እነዚህን ነገሮች የተዘነጉ ምክንያቶች ሲል ይጠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በአሜሪካ አዳም አንዝና ባልደረቦቻቸው 20 ጤናማ ፈቃደኞችን ለ20 ደቂቃ በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ በኃይል እንዲሠሩ አድርገው፣ ከልምምዱ በኋላ ከተቀዳ ደም የተዘጋጀው ፕላዝማ ብዙ ፕላትሌትና ብዙ የደም አመንጪ ግንድ ሕዋሳት እንዳለው ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የባሪያና የባልደረቦቻቸው ጥናት እየተቆራረጠ የሚሠራ ከባድ ልምምድ የፕላትሌትን ቁጥርና ከእድገት አነቃቂዎቹ የአንዱን መጠን እንደሚጨምር ጽፏል።

የእነዚህ ጥናቶች ጥንካሬ ግልጽ ነው። አንዱን ሰው ከልምምድ በፊትና በኋላ ከራሱ ጋር ስለሚያወዳድሩ፣ በሰው መካከል ያለው ልዩነት ውጤቱን አያዛባውም። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸውም ለውጡ እውነተኛ መሆኑን ያስረዳል። ከሁሉም በላይ ለረጅም ጊዜ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ይኸውም «ደሙ ሲቀዳ ሰውየው ምን ሲሠራ ነበር?» የሚለው ነው።

ጉድለታቸውም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የተሳተፉት ጥቂትና ጤናማ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ የተለካው በቱቦ ውስጥ ያለ ቁጥር እንጂ የዳነ ጅማት አይደለም። የታመመ ሰው አልተወጋም፤ ሕመሙ መቀነሱ፣ ወደ ሩጫ መመለሱም አልታየም። ሦስተኛ፣ «ግንድ ሕዋስ» የሚለው ስም አንባቢን ያሳስታል። ከልምምድ በኋላ በደም ውስጥ የሚበዙት ደም የሚያመነጩ ሕዋሳት ናቸው፤ በቀጥታ ጅማት የሚሆኑ ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም። አራተኛ፣ ፈቃደኞቹ ጤናማ ስለነበሩ የፈለጉትን ያህል መሥራት ይችሉ ነበር፤ ተረከዙ የታመመ ሯጭ ግን ሕክምና የፈለገው ሮጦ መሥራት ስላልቻለ ነው። «ደምህ እንዲበለጽግ በመጀመሪያ ወደ ዳገቱ ሩጥ» ቢባል የታመመውን ጅማት መበጠስ ሊከተል ይችላል።

የላቦራቶሪውን ቁጥር ትተው ታማሚውን የተከተሉት ትልልቅ ጥናቶች ያገኙት ውጤት ደግሞ ከተስፋው በእጅጉ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኔዘርላንድስ ዴ ቮስና ባልደረቦቻቸው ሥር የሰደደ የተረከዝ ጅማት ሕመም ያለባቸውን 54 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በፕላትሌት በበለጸገ ፕላዝማ፣ ግማሾቹን በጨው ውሃ ወግተው በ24 ሳምንት ሲመዝኗቸው የጎላ ልዩነት አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኋላ ጭን ጡንቻቸው በተጎዳ 80 ስፖርተኞች ላይ የተደረገው ሌላው የኔዘርላንድስ ጥናትም ተወጊዎቹ ወደ ውድድር የተመለሱበት ጊዜ በጨው ውሃ ከተወጉት እንደማይለይ አሳየ። ስለ ልምምድና ስለ ደም የጻፉት ሃሚልተን ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2015 በ90 ስፖርተኞች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የበለጸገ ፕላዝማ የተወጉት በተሃድሶ ልምምድ ብቻ ከታከሙት ፈጥነው አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ አንዱ በእንግሊዝ 240 የተረከዝ ጅማት ታማሚዎች፣ ሌላው በአውስትራሊያ 288 የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለባቸው ታማሚዎች ላይ ተደርገው ሕክምናው ከማስመሰያ መርፌ እንደማይበልጥ ደመደሙ።

የሕክምናው ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አላቸው። «ጥናቶቹ ያልተሳኩት የተወጋው ፈሳሽ በቂ ፕላትሌት ስላልነበረው ሊሆን ይችላል» ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቻህላና ባልደረቦቻቸው 105 ጥናቶችን መርምረው የአዘገጃጀቱን ሂደት በተሟላ ሁኔታ የገለጹት 10 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ የተወጋውን ፈሳሽ ይዘት በቁጥር ያስቀመጡትም 16 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘግበዋል። ምን እንደተወጋ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ሠራ ወይም አልሠራ ብሎ መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ይህ ጉድለት የሚያስከትለው ግዴታ መለካት እንጂ ማመን አይደለም። «አልሠራም የተባለው ደካማ ስለነበረ ነው፤ እኛ በልምምድ ስላጠነከርነው ይሠራል» የሚለው አባባል በታማሚ ላይ እስኪፈተን ድረስ መላምት ሆኖ ይቀራል። ለመላምት ደግሞ ሯጩ ተበድሮ ሊከፍል አይገባውም።

በከፍታ የሚኖር ሰው ደም

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ሁሉ የተደረጉት ከሸዋ ደጋ ርቀው በሚገኙ አገሮች ነው። ውጤታቸውን ወደ ደብረ ብርሃን ለማምጣት የኢትዮጵያውያንን ደም የሚመለከቱ ሁለት ጥናቶችን ማስታወስ ይጠቅማል።

አስቴር ፀጋዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የጤናማ ኢትዮጵያውያን የደም መለኪያ ጥናት የወንዶች ፕላትሌት በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ97,000 እስከ 324,000፣ የሴቶች ከ98,000 እስከ 352,000 ሆኖ ተገኝቷል። የወንዶች የቀይ ደም ሕዋስ ድርሻ ደግሞ ከ41.6 እስከ 55.1 በመቶ ነበር። በውጭ አገር መጻሕፍት የተለመደው የፕላትሌት ዝቅተኛ ወሰን 150,000 መሆኑ ሲታወስ ልዩነቱ ይታያል።

ይህ ቁጥር ለተያዘው ጉዳይ ያለው ትርጉም በስሌት ሊገለጽ ይችላል። አንድ መሣሪያ ፕላትሌትን በሦስት እጥፍ ያከማቻል እንበል። በደሙ 324,000 ያለው ሰው 972,000 ያለበት ዝግጅት ያገኛል፤ 97,000 ያለው ግን 291,000 ብቻ። ልምምድ የሁለቱንም በአንድ አምስተኛ ጨመረ ቢባል የመጀመሪያው ወደ 1,166,000 ሲያድግ የሁለተኛው ወደ 349,000 ብቻ ከፍ ይላል። ዝቅተኛው ሰው ሮጦም ሳይሮጥም ማርክስ ካስቀመጡት ልክ ሲሶ ገደማ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ጤናማ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ፤ የሚወጉት ግን አንድ ዓይነት መድኃኒት አይደለም። በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነበት ቦታ፣ ልምምድ የሚጨምረው አንድ አምስተኛ ዋናው ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ዋናው ጉዳይ አስቀድሞ መቁጠር ነው።

የቀይ ደም ሕዋስ ድርሻም እንዲሁ ስሌቱን ይለውጠዋል። ከ50 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ድርሻው 41.6 በመቶ ከሆነ 29 ሚሊ ሊትር ያህል ፕላዝማ ይገኛል፤ 55.1 በመቶ ከሆነ ግን 22 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታ ደምን ስለሚያወፍር የደጋ ሯጭ ሁሉ ከሁለተኛው ወገን ነው ብሎ መገመት ይቀናል። ሆኖም ግምቱን የሚያርመው ጥናት የተደረገው እዚያው በአማራ ክልል ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ አግኝተውታል። ይህም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ነው፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሯጭ ደም በከፍታው ምክንያት ብቻ ወፍራም ነው ማለት አይቻልም። በአንጻሩ ከቆላ ለሥልጠና በቅርቡ የመጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሙ ሊወፍር ይችላል። ስለሆነም በአንድ ካምፕ፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ማለዳ የሮጡ ሁለት ወጣቶች ለሴንትሪፊውጁ የሚሰጡት ደም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አያያዝ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው ብዙ ነገር የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ሯጮች የሚሠሩት በማለዳ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቁርስ ሳይቀምሱ ነው። ልምምዱን ጨርሶ ላቡ ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ሯጭ ደም በልምምዱና በውሃ ማነስ የተለወጠ ነው። ከአንኮበር በአውቶቡስ ተሳፍሮ ረፋድ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሰውነቱ ወደ ዕረፍት ተመልሷል። ሰዓቱ ካልተመዘገበ የሁለቱ ውጤት በአንድ መዝገብ ላይ ተደባልቆ ይቀራል።

ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው። በደም ባንክ ፕላትሌት የሚቀመጠው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይለውጣል፣ ይነቃቃልም። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የደብረ ብርሃን ያልሞቀ ክፍል በማለዳ ከዚህ ልክ እጅግ ሊወርድ ይችላል። ደሙ ተቀድቶ በመስኮት ጥግ ሲጠብቅ ቢቆይ ከሌላ አገር የተቀዳው የአሠራር መመሪያ የማያውቀው ለውጥ ይደርስበታል።

መድኃኒትም ሊዘነጋ አይገባም። አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የፕላትሌትን ተግባር የሚቀንሱ ናቸው፤ አስፕሪን ፕላትሌቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ውጤቱ አይለቅም። ዲክሎፌናክ ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሯጭ ይህን ሳይጠየቅ ቢወጋ፣ ቁጥሩ ቢሞላ እንኳ የፕላትሌቱ አሠራር አጠያያቂ ይሆናል። ለተራ የላቦራቶሪ ምርመራ የተሠሩ ቱቦዎችም ተመልሶ በሰው አካል ውስጥ ለሚወጋ ዝግጅት የታሰቡ አይደሉም። የራስ ደም መሆኑ ከሌላ ሰው የሚመጣን ኢንፌክሽን ይከላከላል የሚባለውም ቱቦ ከቱቦ እስካልተቀያየረና ንጽሕናው እስከተጠበቀ ድረስ ብቻ ነው።

የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግን በሚመለከትም ግራ መጋባት አለ። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ዝግጅት በጡንቻ ውስጥ መወጋትን ከልክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ክልከላውን አነሣው። ተነጥረው የወጡ የእድገት አነቃቂ ፕሮቲኖችን መውሰድ ግን አሁንም የተከለከለ ነው። ስለዚህ «ከደም የተሠራ» የተባለ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሯጩ ምን እንደተወጋ በጽሑፍ ይዞ መሄድ አለበት።

መሠረታዊው ሕክምና

በፕላትሌቱ ክርክር ውስጥ በቀላሉ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በዴ ቮስ ጥናት የበለጸገ ፕላዝማ የተወጉትም፣ ጨው ውሃ የተወጉትም ታማሚዎች ተረከዝን ቀስ ብሎ ዝቅ የማድረግ ልምምድ ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ተሽሏቸዋል። በሃሚልተን የኋላ ጭን ጥናትም ሁሉም የተሃድሶ ልምምድ አግኝተዋል። እንግዲህ ልምምድ በፕላትሌት ላይ ያለው ተጽዕኖ ሲመረመር፣ ልምምድ በራሱ በጅማቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከፊት ይመጣል።

ይህን ልምምድ በሰፊው ያስተዋወቀው የአልፍሬድሶንና የባልደረቦቹ ጥናት በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ታማሚው በደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቹ ቆሞ ተረከዙን ቀስ ብሎ ወደታች ያወርዳል። 15 ጊዜ ሦስት ዙር ጉልበትን ዘርግቶ፣ 15 ጊዜ ሦስት ዙር ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ በቀን ሁለቴ ይሠራል፤ በድምሩ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። በዚያ ጥናት የተከታተሉት 15 ሯጮች ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። እርግጥ ጥናቱ ትንሽና ያለ ዕጣ የተከፈለ ስለነበር ለፕላትሌቱ የቀረበው ሂስ ለእርሱም ይገባዋል። ልዩነቱ ግን ከዚያ ወዲህ ጅማትን በክብደት ማሠራት በብዙ ጥናቶች ተፈትኖ የሕክምናው መሠረት ሆኖ መቆየቱ ነው። ዋጋውም አንድ የድንጋይ ደረጃና የ12 ሳምንት ትዕግሥት ነው። ይህ ደግሞ በደብረ ብርሃን ሆስፒታልም በአንኮበር ጤና ጣቢያም በእኩል የሚገኝ ነው።

የሚጎድለው ትዕግሥቱን የሚደግፍ ባለሙያ ነው። ሯጩ በሁለተኛው ሳምንት «አልተሻለኝም» ብሎ ሲመጣ አብሮት ደረጃው ላይ ቆሞ አሠራሩን የሚያርም፣ አሠልጣኙን ጠርቶ የሩጫውን መጠን እንዲቀንስ የሚያስረዳ፣ ወጌሻውንም እንደ ተቀናቃኝ ሳይሆን እንደ ባልደረባ የሚያማክር ሰው ያስፈልጋል። መርፌ የሚማርከው ከሁሉ በፊት በአንድ ቀን ስለሚያልቅ ነው። ነገር ግን መርፌው ካልሠራ ሯጩ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ በተስፋ የጠበቀባቸውን፣ ልምምዱንም ያልጀመረባቸውን ሳምንታት ጭምር ነው። የሯጭ ዕድሜ አጭር ስለሆነ አንድ የውድድር ወቅት ማጣት ቀላል ኪሳራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመረመረው የሚከተሉት ነጥቦች ሊወሰዱ ይችላሉ። ከባድ ልምምድ የፕላትሌትንና የእድገት አነቃቂዎችን መጠን ለጊዜው እንደሚጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይህ ጭማሪ ታማሚን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ የተጎዳን ሯጭ ደሙ እንዲበለጽግ ብሎ ማስሮጥ ተገቢ አይደለም። ሕክምናው የሚሰጥ ከሆነ ደሙ ሯጩ ካረፈና ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ ለሁሉም በተመሳሳይ ሁኔታ ቢቀዳ ይመረጣል። የመጨረሻው ልምምድ የተሠራበት ሰዓት፣ የተወሰደው መድኃኒት፣ ሯጩ በከፍታ የኖረበት ጊዜ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ እንዲሁም የፕላትሌት ቁጥር በደሙም በተዘጋጀው ፈሳሽም ውስጥ ቢመዘገቡ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነበትም ሰው ይህ ከመክፈሉ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ለምርምር የተከፈተው በርም እዚያው ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በታላቁ ቀዶ ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ፤ በዚያችው ከተማ የሚሠለጥኑ ሯጮችም አሉ። ፈቃደኛ የሆኑ ጤናማ ሯጮች ደም ከማለዳ ልምምድ በፊት፣ ወዲያውኑ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ተቀድቶ በተራ የደም ቆጠራ መሣሪያ ቢመረመር፣ በ2,800 ሜትር ከፍታ የሚኖርና የሚሠለጥን ሰው ደም በልምምድ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይታወቃል። ለዚህ ከውጭ የሚገባ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ጥቂት ቱቦዎችና ሰዓቱን በትክክል የሚመዘግብ እጅ ነው። እስከዚያው ግን በማለዳ ሮጦ እያነከሰ ለሚመጣው ወጣት በመጀመሪያ ሊቀርብለት የሚገባው ጥያቄ «ስንት ብር አለህ?» የሚል ሳይሆን «ከተጎዳህ ስንት ሳምንት ሆነህ፣ ደረጃው ላይስ ስንት ቀን ሠራህ?» የሚል ነው።